ሳይነበብ አይጠፋም

ሔዋን በኮምፒውተሩ ላይ ቂም የያዘችው የኔታ ባዘዘው ያስጻፏትን ቅኔ የበላ ዕለት ነው። ጠዋቱን ሙሉ ጽፋ፣ አዲሱን በአሮጌው ፋይል ላይ «ሴቭ» ስታደርግ መብራት ድርግም አለ። የደብረ ማርቆስ መብራት መቼ ለሰው አዝኖ ያውቃል! ሲመለስ የኔታ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የነገሯት ሁሉ የለም። ማሽኑ አዲሱን ሳይጽፍ አሮጌውን አጥፍቶት ኖሯል።

የኔታ ዓይነ ስውር ናቸው። በየቅዳሜው ከዲማ ድረስ የሚመላለሱት የሟች መምህራቸውን ቅኔ ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ ስለሌለ ነው፤ እሳቸውም መርሳት ጀምረዋል።

«ማሽኑ ተበላሸ በያቸውና ሸኚያቸው» አላት የምትሠራበት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ባለቤት አበባው።

አልዋሸችም፤ የሆነውን ነገረቻቸው።

«እኛ ዘንድ ተማሪ ቅኔ ተነግሮት ‹ያዝሁ› ቢል አይታመንም» አሉ የኔታ። «እዚያው መልሶ ካላለው አይሰናበትም። ይሄ ሣጥን መልሶ ብሎልሻል?»

«አላለም፣ የኔታ። ‹አስቀምጫለሁ› አለኝ፣ አመንሁት።»

እንደገና ከሀ ጀመሩ። አሁን ግን ሔዋን አዲሱን በሌላ ስም ታስቀምጣለች፣ ማሽኑን አጥፍታ ታስነሣለች፣ የተጻፈውን ከፍታ ጮክ ብላ ታነባለች። የኔታ «ተይዟል» ካሉ በኋላ ብቻ አሮጌውን ታጠፋለች።

አበባው ተንገበገበ። «ሰው ተሰልፎ ማኅሌት ትቆሚብኛለሽ? በአሮጌው ላይ ደርቢበትና ጨርሽ፤ አለዚያ የቤቱን ቁልፍ አስረክቢኝና ሂጂ።»

«ሳይነበብ አላጠፋም፣ ጋሼ። ቢያባርሩኝም የእሳቸውን ጨርሼ ነው የምወጣው» አለችና መጻፏን ቀጠለች። ሌላ ሥራ ግን የላትም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አዲሱን እያስቀመጠች ሳለ መብራቱ ደግሞ ሄደ። ሲመጣ አዲሱ ፋይል አልከፈት አለ። አሮጌውን ነካችው። ተከፈተ፤ እስካለፈው ቅዳሜ ያለው አንድ ቃል ሳይጎድል አለ።

«የዛሬው ግን ጠፋ» አለ አበባው ከጀርባዋ።

«የዛሬው ብቻ ነው የጠፋው። ይድገሙልኝ፣ የኔታ።»

የኔታ አንዱን አሉት፣ ሁለተኛውንም። ሦስተኛው መሐል ላይ ቆሙ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ቃሉ አልመጣም። «ሄደ፣ ልጄ» አሉ፤ እንባቸው ወረደ።

ሔዋንም አለቀሰች። አበባው ቁልፉን ሊጠይቅ የዘረጋውን እጁን መለሰ።

«ቦታውን ክፍት ትቼለታለሁ» አለች በእጅጌዋ ፊቷን ጠርጋ። «ከመጣ ይገባል። አሁን ቀጣዩን ይንገሩኝ።»