ከጥቁሩ ጨርቅ ጀርባ

መስታወት የሚሸጥ ሰው ቪዲዮ ሲቀርጽ አንድ ችግር አለበት፤ ካሜራውን ወዴትም ቢያዞረው ራሱን ማግኘቱ አይቀርም። መስታወት ቆራጩ ይህን ችግር በራሱ መንገድ ፈትቶት ነበር። ስልኩን ደረቱ ላይ ይይዝና ትንሽ ወደ መሬት ያዘነብለዋል። ሚስቱ ከመስታወቱ ጎን አጠር ባለች ወንበር ላይ ትቀመጣለች። እንዲህ ሲሆን የሱ ፊትም እጁም ከቪዲዮው ይወጣሉ። ጉልበቶቹ ግን መስታወቱ ውስጥ ይቀራሉ።

በለቀቃቸው ቪዲዮዎች ሁሉ ሚስቱ ስለ ቁም ሳጥን መስታወት፣ ስለ መታጠቢያ ቤት መስታወት፣ ስለ ጠረጴዛ መስታወት ስታስረዳ፣ ከአጠገቧ ሁለት ጉልበቶች ቆመው ያዳምጣሉ። ሰዎች ከስር አስተያየት መጻፍ ጀመሩ። «ጉልበቱ ዛሬ ሱሪ ቀይሯል።» «ጉልበቱ ደከመው መሰለኝ፣ ወንበር ስጡት።» ብዙም ሳይቆይ መንደሩ ሁሉ ጉልበቱ ይለው ጀመር። እሱም አልከፋውም። ኮሌጅ ማኔጅመንት ሲማር ስለ ማስታወቂያ አንድ ኮርስ ወስዷል፤ ሰው የሚያስታውሰው ነገር ካለ ማስታወቂያው ሠርቷል ማለት ነው ብሎ ያምናል።

የሚባለውን የሚያዘጋጀው እሱ ነው። ከስልኩ ጀርባ ሆኖ አንድ ዓረፍተ ነገር ይላል፤ ሚስቱ ትደግማለች።

«ጥራቱን የጠበቀ፣ እርጥበት የማይበግረው።»

«ጥራቱን የጠበቀ፣ እርጥበት የማይበግረው።»

«ፈገግ በይና ድገሚልኝ።»

ትደግምለታለች። ፈገግታዋ ግን መታወቂያ ላይ እንደሚለጠፍ ፎቶ ነው።

ከመንገዱ ጫፍ አንድ ትልቅ የመስታወት መደብር ሲከፈት ነገሩ ተለወጠ። መደብሩ በባለሙያ የተሠራ ማስታወቂያ ለቀቀ፤ ውሃ በመስታወት ላይ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ሙዚቃ አለው፣ በመጨረሻ አንዲት ልጅ ጣቷን መስታወቱ ላይ ታሳርፋለች። ሚስቱ ቪዲዮውን አይታ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«እኛም ባለሙያ እናምጣ» አለች።

«እኛ ምን ጎደለን?»

«ምንም አልጎደለንም። እንዲያውም ተረፈን። ሁለት ጉልበት ተረፈን።»

በረንዳውን የሚጋሯቸው ቁልፍ ቀራጭ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ነገረኛ ሰው፣ ከማሽናቸው ቀና አሉ። «እሷ ትሙት እውነቷን ነው» አሉ። «እኔ ራሴ የሚሸጠው መስታወቱ ይሁን ሱሪው ግራ ሲገባኝ ነው የከረምኩት።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ እሳት ላይ ጋዝ አይጨምሩ» አለ ቆራጩ። ግን በልቡ ተሸንፎ ነበር።

ባለሙያው በመጣበት ጠዋት መስታወት ቆራጩ ሊጠላው ተዘጋጅቶ ነበር የጠበቀው። ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ወሬ የሚያበዛ፣ «ኮንሴፕት» የሚል ሰው ነበር የጠበቀው። የመጣው ግን አጭር፣ ዝምተኛ፣ የሸሚዙ ኮሌታ የሳሳ ሰው ነው። ዕቃውን ከማውረዱ በፊት ጨርቅ ጠይቆ መስታወቶቹን ራሱ ወለወለ። ከዚያ የቆራጩን ቪዲዮዎች አንድ በአንድ አይቶ «ድምፁን ጥሩ አድርገህ ነው የቀረጽከው» አለ። ሊጠሉት ከተዘጋጁት ሰው እንዲህ ያለ ምስጋና መቀበል ከስድብ ይከብዳል።

ካሜራው በመስታወቱ እንዳይታይ ባለሙያው አንድ ሰፊ ጥቁር ጨርቅ አወጣ። መሐሉ ላይ ሌንስ የሚያሾልክ ቀዳዳ አለው። ካሜራው ከጨርቁ ጀርባ ይቆማል፤ መስታወቱ ውስጥ ከጨለማ በቀር ምንም አይታይም።

«ማንጠልጠያው ትናንት ተሰብሮብኛል» አለ። «ካላስቸገርኩህ ትይዝልኛለህ?»

ስለዚህ መስታወት ቆራጩ ሁለት እጁን ሽቅብ ዘርግቶ፣ ጨርቁን በሁለት ጫፉ ይዞ ከጀርባው ቆመ። ከፊቱ ጥቁር ጨርቅ ብቻ ነው። ባለሙያው ካሜራውን ከፈተና ከጨርቁ ወጥቶ ጎን ላይ፣ ሚስቱ በምታየው ቦታ፣ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ቆራጩ የራሱን ሱቅ፣ የራሱን መስታወት፣ የራሱን ሚስት ማየት አልቻለም። የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነበር።

«ካሜራውን እርሱት» አለ የባለሙያው ድምፅ። «እርስዎ መጀመሪያ ራስዎን ያዩት በየትኛው መስታወት ነው?»

ሚስቱ የምትለው ጠፍቷት መሰለውና ቆራጩ ከጨርቁ ጀርባ «ጥራቱን የጠበቀ...» ብሎ በሹክሹክታ ሊያቀብላት ጀመረ። ባለሙያው በቀስታ «እሽሽ» ብሎ ዝም አሰኘው።

«አራት እህትማማቾች ነበርን» አለች ሚስቱ። ድምፁ የሷ ይሁን የሌላ ሴት ቆራጩ ለአፍታ ተጠራጠረ። «ቤታችን መስታወት አልነበረም። አንዲት ስባሪ ብቻ ነበረች፣ መዳፌን የምታህል። ጠዋት ጠዋት በተራ ነው። ዓይንሽን ካየሽ አፍሽን ለማየት ዝቅ ማድረግ ነው። ሙሉ ፊት የሚባል ነገር የለም፤ ቁራጭ በቁራጭ ነው። ትምህርት ቤት የገባሁ ቀን ዳይሬክተሩ ቢሮ በር ላይ ትልቅ መስታወት ነበር። አንዲት ልጅ አፍጥጣ ታየኛለች። ምን አባቷ ታፈጣለች ብዬ ልሰድባት ስል እኔው ነኝ።»

ባለሙያው ሳቀ። እሷም ሳቀች።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አዘንኩ። አፍንጫዬ ለብቻው ሲታይ እኮ ጥሩ ነበር።»

አሁን ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ። «እርስዎ...» ብሎ ባለሙያው ሊቀጥል ሲል «አንቺ በለኝ እባክህ» አለችው። «እርስዎ እያልክ አያቴን አታድርገኝ።»

የመስታወት ቆራጩ ክንድ መዛል ጀመረ። ይህች ሴት ስትተኛ በየትኛው ጎኗ እንደምትተኛ ያውቃል። የትኛው ጥርሷ ቀዝቃዛ ውሃ እንደማይወድ ያውቃል። ሲርባት ዝም እንደምትል፣ ስትናደድ ሳህን እንደምታጥብ ያውቃል። ስለ ስባሪዋ ግን ሰምቶ አያውቅም። አሁን የሰማው ደግሞ እንደ ሌባ ከመጋረጃ ጀርባ ቆሞ፣ ለሌላ ሰው ሲነገር ነው።

«ይቅርታ» አለ ባለሙያው በትሕትና፣ «ጨርቁ እየተንቀጠቀጠ ነው።»

ቪዲዮው ሲለቀቅ መስታወት ቆራጩ ጀርባ ካለችው ዕቃ ማስቀመጫ ገብቶ በሩን ዘግቶ አየው። ስህተት ፈለገበት። አላገኘበትም። ብርሃኑ ከጎን መጥቶ ግማሽ ፊቷ ላይ አርፏል። ስትናገር ዓይኗ ወደ ሩቅ ይሄድና ሳቁ ከመምጣቱ በፊት የከንፈሯ ጫፍ አስቀድሞ ይነቃነቃል። የከንፈሯን ጫፍ እንዲህ ሲነቃነቅ አይቶት አያውቅም፤ ወይም አይቶት ልብ አላለውም። የቱ እንደሚብስ ማወቅ አቃተው። እንደገና ከፈተው። እሷን ሳይሆን የምታየውን አቅጣጫ ማየት ጀመረ። እዚያ፣ ከጨርቁ ጎን፣ በርጩማው ላይ የተቀመጠው ሰው ነበር።

ደንበኛ መጣ፤ ይህን መካድ አይቻልም። እናቶች ልጆቻቸውን አስከትለው እየመጡ «ባለ ስባሪዋ አንቺ ነሽ?» ይሏታል። ቁልፍ ቀራጩም አፋቸውን አልሰበሰቡም።

«አንተ ልጅ፣ ይህን ያህል ዓመት ጎረቤት ስንሆን ሚስትህን ገና አሁን አየኋት።»

«እኔም» ሊል ነበር ቆራጩ። ዋጠው። በዚያን ቀን አንድ የመታጠቢያ ቤት መስታወት ቁመቱን ከወርዱ አምታቶ ቆረጠና ጣለው። ይህ ደርሶበት አያውቅም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሱቁ ጭር ሲል ከጓዳ ጥቁር ጨርቅ ይዞ ወጣ። ራሱ ገዝቶ፣ መሐሉን በመቀስ በስቶታል። በሁለት ሚስማር ግድግዳና መደርደሪያ ላይ ወጠረውና ስልኩን በቀዳዳው አሾለከ። ከዚያ ልክ እንደ ባለሙያው ጎን ላይ ተቀምጦ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መጀመሪያ ራስሽን ያየሽው በየትኛው መስታወት ነው?»

ሚስቱ የያዘችውን መወልወያ አስቀመጠች። «ምን?»

«መልሺ እንጂ። እየቀረጸ ነው።»

«ሰምተኸው የለ እንዴ? ከጨርቁ ኋላ ነበርክ እኮ።»

«እኔ አልተነገረኝም። ለሱ ነው የነገርሽው።»

ተመለከተችው። ከዚያ የከንፈሯ ጫፍ ተነቃነቀ። «ቀናህ እንዴ?»

«ማን? እኔ? በምኑ ነው የምቀናው? በኮሌታው?»

«ጆሮህ ቀልቷል።»

«ለማያውቅሽ ሰው ሆድሽን ዘርግፈሽ፣ ለኔ ግን...»

«ጠየቀኛ!»

«እኔ አልጠይቅሽም?»

«አንተማ ትጠይቀኛለህ። ልኬቱን ያዝሽው ትለኛለህ። ደንበኛው ደወለ ትለኛለህ። ከዚያ በይ ድገሚ ትለኛለህ። ያ ሰውዬ ጠየቀኝና ዝም አለ። መልሱን አላቀበለኝም። ምን እንደምል ራሴም አላውቅም ነበር።»

«እሺ፣ አሁን ጠየቅኩሽ።»

«አሁንማ ቀንተህ ነው። ተቀንቶ የሚጠየቅ ጥያቄ ፖሊስ ጣቢያ ያስመስላል።» መወልወያዋን መልሳ አነሳች። ጥቂት ወለወለችና ሳትዞር ቀጠለች፤ «ለሁለተኛው ቪዲዮ ቀጥሬዋለሁ። ይምጣና ይቅረጽ። ጠያቂው ግን አንተ ሁን። እስቲ እናያለን።»

ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳው። ሰውዬው ካሜራውን ይያዝ፤ የሱ ሙያ ነው፣ ቆራጩ እሱን አይቀማውም። ነገር ግን በርጩማው ላይ ራሱ ተቀምጦ ሚስቱ መታወቂያ ላይ እንደሚለጠፍ ፎቶ ብትሆንስ? ያኔ ጥፋቱ የስልኩ አይደለም፣ የብርሃኑም አይደለም። መስታወት በሚቆርጥበት ጊዜ ሁሉ ጥያቄ ያስባል። «ጥሩ መስታወትን ከመጥፎው በምን ትለያለሽ?» ይልና ራሱ ያፍርበታል። ይህ ጥያቄ ሳይሆን ጭምብል ያደረገ «በይ ድገሚ» ነው።

ባለሙያው ሲመጣ ማንጠልጠያውን አሠርቶ ነበር፤ ጨርቁን የሚይዝ ሰው አላስፈለገም። ነገሩን ሚስቱ ስታስረዳው ምንም አልገረመው። «ጥሩ ሐሳብ ነው» ብሎ በርጩማውን በእጁ ለቆራጩ አቀረበለትና ከጨርቁ ጀርባ ገባ። አሁን እዚያ የቆመው እሱ ነው።

መስታወት ቆራጩ ተቀመጠ። ሚስቱ ከፊቱ፣ ከአዲሱ ቁም ሳጥን መስታወት አጠገብ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ትጠብቃለች። ያሰባቸው ጥያቄዎች ሁሉ ጠፉበት።

«ደህና ነሽ?» አለ።

«ደህና ነኝ ጌታዬ። አንተስ? ቤተሰብ ደህና ነው?»

ከጨርቁ ጀርባ የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ቆራጩ ጆሮው ሲግል ታወቀው። ሊነሳ ፈለገ። «በይ፣ ስለ መስታወቱ ትንሽ ብትነግሪን» የሚለው ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠው። ሚስቱም ፈገግታዋን ሰብስባ ጠበቀችው። መንገድ ላይ መኪና ጥሩምባ ነፋ፤ የቁልፍ ቀራጩ ማሽን ጮኸና ዝም አለ።

«ከኔ ጋር መሥራት...» አለ። «ይሰለቻል?»

ዓይኗ ወደ ሩቅ ሄደ።

«አንዳንዴ» አለች። «መስታወት ስትቆርጥ ትንፋሽህን ትይዛለህ አይደል? እጅህ እንዳይነቃነቅ። ገባኝ፣ ሥራው ነው። ግን ቆርጠህ ከጨረስክም በኋላ እንደያዝከው ትቀራለህ። ምሳ ስንበላም ይዘኸዋል። ቤት ስንገባም ይዘኸዋል። እኔ ከጎንህ ሆኜ መቼ ይሆን የሚተነፍሰው እያልኩ ቀኑ ይመሻል። ላወራህ ስል ደግሞ እጅህ የሚሳሳት ይመስለኛል። ስለዚህ ከደንበኛ ጋር አወራለሁ። ከጋሼ ጋር አወራለሁ። ሰው ሲጠፋ ከመስታወቱ ጋር አወራለሁ።»

አፉ ላይ መልስ ነበረው፤ እንዲያውም ብዙ መልስ። ለማን ብዬ ነው የምለፋው የሚል አለ። አንቺም እኮ ዝም ትያለሽ የሚል አለ። አንዱንም አላወጣውም።

ከጨርቁ ጀርባ ካሜራው ሲዘጋ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ። ባለሙያው ወጣ። «ይሄ ለማስታወቂያ አይሆንም» አለ በቀስታ፣ እንደ ይቅርታ። «ሻይ ቢጤ ቀምሼ ልመለስ።» ማንንም ሳያይ፣ በሩንም ድምፅ ሳያሰማ ገጠም አድርጎ ወጣ። መስታወት ቆራጩ በዚህም ቀናበት፤ መቼ መውጣት እንዳለበት እንዲህ ማወቅ ከየት ይገኛል?

ሚስቱ ግን ባለሙያው መውጣቱን ያየች አትመስልም። አሁንም የምታየው በርጩማው ላይ የተቀመጠውን ሰው ነው።

«ሌላስ?» አለ መስታወት ቆራጩ።

ወንበሯን ወደፊት ሳብ አደረገች።