ትል ይላል

ኸሊል በጀርባው ተኝቶ ግማሽ አካሉን ፍሊፐር የሚሉት መጫወቻ ሣጥን ሥር አስገብቷል። ከውጭ የሚታዩት ነጭ ጀለብያውና ጫማው ብቻ ናቸው። ሸጊቱ የሻይ ብርጭቆ ይዛ ከእግሩ አጠገብ ቆማለች። ሻዩ ከቀዘቀዘ ቆይቷል፤ እሷ ግን ልብ አላለችውም።

ባሏ ደመቀ ከሞተ ወዲህ ልብ የምትለው ነገር ጥቂት ነው። ሰሊጥ አጨዳ ብሎ ቁረይሻ ወረደ፤ ወባ ይዞት ገዳሪፍ ተመለሰ፤ ሳምንትም አልቆየ። አልቅሺ ሲሏት አለቀሰች፣ ብዪ ሲሏት በላች። ለአርባው የሻይ ቤቱን ወለል በአዲስ ጭቃ ለቅልቃ ተዝካሩን አወጣች፤ ከዚያ ቁጭ አለች። ደረቷ ውስጥ የቀረው አንድ ጭንቅ ብቻ ነው። እህቷ አሰጋሽ ከሑመራ ጦርነት ሸሽታ ከነልጆቿ ሐምዳይት ገብታለች፤ ትንሹ ልጅ ተቅማጥ ይዞታል። የሎሪው ሹፌር ያዕቁብ ዛሬ ከቀትር ሶላት በኋላ ወደዚያ ይነሣል። የመሳፈሪያውንና በየኬላው የሚበተነውን ካገኘ ሁሉንም ጭኖ ያመጣቸዋል። ካላገኘ ባዶውን ይመለሳል።

ስለዚህ ፍሊፐሩ ይሸጥ ተባለ። ሳንቲም ሲያጎርሱት የብረት ኳስ የሚለቅ፣ ኳሷን በሁለት ክንፍ እየመቱ ደወል የሚያስጮኹበት ባለመስታወት ሣጥን ነው። አሥመራ ላይ ሰዓት እላፊ ታውጆ ቡና ቤቶቹ ጭር ሲሉ እንዲህ ያሉት መጫወቻዎች በከሰላ በኩል ሾልከው ሱዳን ገቡ። ደመቀ አንዱን ገዝቶ ሻይ ቤቱን አደመቀበት። ሌሎች ግን የሚገዙት ለማከማቸት እንጂ ለመጫወት አልነበረም። ከከሰላ የሚመላለሰው ነጋዴ ኸሊል አንድ መጋዘን ሙሉ አለው ይባላል። ድሮ ጎንደር መጠጥ ቤት የነበራቸው ጋሼ ወልደ ማርያምም የራሳቸውን በጆንያ ሸፍነው ቆልፈው ይዘዋል፤ ሰው እንዲነካባቸው ቀርቶ እንዲያይባቸውም አይፈልጉም። ሁለቱ በዚሁ ተቀናንተው ሰላምታ ከተነፋፈጉ ዓመት አልፏቸዋል።

ለቅሶ ሲደርስ ኸሊል እጁን ዘርግቶ ለሟች ነፍስ ፋትሐ አደረገ፤ በወጣበት እግሩም መስታወቱን ዳበሰ። ጋሼ ወልደ ማርያም ደግሞ ንፍሮውን እየቆረጠሙ ዋጋ ጠየቁ። ሸጊቱ ከአርባው በፊት አይሆንም አለች። አርባው ባለፈ ማግሥት ኸሊል ስምንት መቶ የሱዳን ጂኔ ሊሰጥ ተስማምቶ ቀብድ ጣለና፣ "ለሌላ እንዳታሳዪ፣ ቃል ቃል ነው" ብሏት ሄደ። እሷም ቃል ነው ብላ ሌላ ፈላጊ መለሰች። ቀብዱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አስቀመጠችው። ገበያ ሳያልቅ ብሩን መብላት ነውር ነው ስትል ነበር ያሳደገቻት እናቷ።

"ሞቷል" አለ ኸሊል፣ ከሥር ወጥቶ ጀለብያውን እያራገፈ።

"ምኑ?"

"ፍሊፐሩ ነዋ። እይው እስቲ።"

ሳንቲም አጎረሰው። መብራቱ ቦግ ብሎ ወዲያው ደወሉም ክንፎቹም ድርቅ አሉ። አናቱ ላይ አንዲት በፈረንጅ ፊደል የተጻፈች ቃል ብቻ ቀላች።

"ደመቀ ሳለ እኮ ይሠራ ነበር" አለች ሸጊቱ። ትንሽ አሰበችና፣ "ያ ትል የሚሉት ይሆን?"

"ትል?"

"ደመቀ ሲል እሰማው ነበር። እኔ ጓዳ ነኝ፤ እሱ ትል እያለ ይጮኽባቸዋል። ነቀዝ ብጤ መስሎኝ።"

ኸሊል አፉን ከፍቶ መልሶ ገጠመው። ጢሙን ዳሰሰ።

"ወላሂ እሱ ነው" አለ፣ ፊቱን ከበድ አድርጎ። "ትል ገብቶበታል። እንጨቱንም ሽቦውንም ከውስጥ ይበላዋል። ማሌሽ፣ በስምንት መቶ አልወስደውም። ሦስት መቶ ልስጥሽ፤ እሱም ለደመቀ ነፍስ ብዬ ነው።"

ሸጊቱ አልተቆጣችም። በዚህ አገር ነቀዝ ማሽላውን፣ ምስጥ ጣሪያውን ይበላል፤ ፍሊፐርንም ትል ቢበላው የሚደንቅ አልመሰላትም። ሦስት መቶው ለመንገዱ እንኳ አይበቃም፤ ይህ ብቻ ነው የታያት።

"እስኪ ላስብበት" አለች።

"አስቢ። ያዕቁብ ግን አይጠብቅሽም።"

ኸሊል ሲወጣ በር ላይ ከጋሼ ወልደ ማርያም ጋር ተገናኙ። ሸጊቱ ሰላምታ ሲነሣሡ ለማየት ቀና ብትል ሁለቱ ግንባር ለግንባር ገጥመው ያንሾካሹካሉ። ከዚያ ጋሼ ወልደ ማርያም ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ።

"ልጄ፣ በሰው ገበያ መግባት ነውር ነው፤ አልገባም" አሉ። "ግን ያሳዝናል። ትል ከገባማ አለቀለት። እኔም ብሆን ከሁለት መቶ ሃምሳ አልዘልም።"

"ትል መግባቱን ማን ነገረዎት?"

"ያስታውቃላ" አሉና ሻይ አዘዙ።

ቀዳችላቸው። በሬ ካራጁ ይውላል ይባላል፤ እሷ ደግሞ ለአራጆቿ ስኳር ታማስላለች። ጋሼ ወልደ ማርያም ብርጭቋቸውን ይዘው ወደ ኸሊል ወጡ። ሁለቱ ደጁ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠበቋት።

ያዕቁብ በጓሮ በር ብቅ አለ።

"እትዬ ሸጊቱ፣ እንዴት ሆነ? ልንነሣ ነው።"

"ትንሽ ታገሠኝ፣ ወንድሜ።"

የደመቀን ቁልፍ አመጣችና የፍሊፐሩን ሆድ ከፈተች። ትሉን ላየው ብላ ነው። እንጨቱ ንጹሕ ነው፤ ዱቄት የለ፣ ቀዳዳ የለ። አንድ ቀጭን ዘንግ እንደ ግንበኛ ቱምቢ ተንጠልጥሎ ወደ አንድ ጎን ጋደል ብሏል። ዝቅ ብላ እግሮቹን አየች። አንደኛው እግር በአዲሱ ጭቃ ውስጥ ሰመጥ ብሏል። እዚያ ደመቀ ሣጥኑ እንዳይጋደል ያደረገበት የእንጨት ቁራጭ ነበር። ለተዝካሩ ስትለቀልቅ እንግዶች ቆሻሻ እንዳያዩ ብላ ጎትታ ያወጣችው፣ እሳት ውስጥም የከተተችው ራሷ ናት።

ያኔ የባሏ ድምፅ መጣላት። ከሞተ ወዲህ መልኩ እንጂ ድምፁ መጥቶላት አያውቅም። የሰሊጥ ሠራተኞቹ ኳሷ እንዳታመልጣቸው ሣጥኑን በጉልበት ሲገፉት፣ "ተዉ፣ አታነቃንቁት፣ ትል ይላል!" ብሎ ይጮኽ ነበር። ትል ይላል። ትል አለው ብሎ አያውቅም። ሣጥኑ ከተነቃነቀ ወይም ከተንጋደደ የሚለው ቃል ነው፤ ፈረንጆቹ ቲልት የሚሏት ያቺ ቀይ ጽሑፍ ናት። ውጭ የተቀመጡት ሁለቱ ይህን ከእሷ ቀድመው ያውቃሉ። ሸጊቱ ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናደደች፤ ንዴቱም ደስ አላት።

"ያዕቁብ፣ በዚህ በኩል ከፍ አድርግልኝ።"

ያዕቁብ አነሣላት። እሷ የነጠላዋን ጫፍ ፈታች፤ ቀብዱን ከእነእጥፋቱ በሰመጠው እግር ሥር አስገባችና፣ "አውርደው" አለች። ከሻይ መሳቢያዋ አንድ ሳንቲም አውጥታ አጎረሰችው።

ቀይዋ ቃል ጠፋች። ኳሷ ተወርውራ ስትወጣ ደወሉ ተከታትሎ ጮኸ። ሁለቱ ሰዎች ከደጅ ዘለው ገቡ።

"አልሐምዱሊላህ፣ ዳነ!" አለ ኸሊል። "ኸላስ፣ በስምንት መቶው እወስደዋለሁ።"

"እኔ ስምንት መቶ ሃምሳ" አሉ ጋሼ ወልደ ማርያም።

"በሰው ገበያ!" ብሎ ኸሊል ዞረባቸው።

ሸጊቱ ወደ ያዕቁብ ዞራለች። የጋብቻ ቀለበቷን ለማውለቅ ጣቷን በብርጭቆ ማጠቢያው የሳሙና ውኃ አራሰች። ከሁለቱ የደመቀ ዕቃዎች ፍሊፐሩ ይሂድ፣ ቀለበቱ ይቅር ብላ ነበር የወሰነችው። ቀለበት ግን እንደ ፍሊፐሩ አይጮኽም፤ ሳንቲም እየሰበሰበም የአሰጋሽን ልጆች አያበላም።

"ይኸን ሽጠህ እነአሰጋሽን አምጣልኝ" አለችው። "ለልጁ መንገድ ላይ ውኃ አፍልተህ ስጠው።"

ያዕቁብ ቀለበቱን በመሐረቡ ቋጥሮ ወጣ።

"የኔስ አረቡን?" አለ ኸሊል። "ቀብዴን መልሺ እንጂ።"

"ዋጋ ያወረዱት እርስዎ ነዎት፣ ጋሽ ኸሊል። ገበያ ያፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል" አለች ሸጊቱ። "እዚያ እግሩ ሥር ነው። አይንኩት፣ ትል ይላል።"