የቀረው እንደ ልማዱ

ሐኪሙ ያልተናገረውን፣ ልጅቷም ያላየችውን ነገር ማን ጻፈው ይባላል? እማማ ደብሪቱ ይህን ጥያቄ ከጠዋት ጀምሮ ሲያገላብጡት ዋሉ። “ሐኪሙ ነው እንጂ ሌላ ማን ይሆናል!” ይሉና ትንሽ ቀለል ይላቸዋል። ወዲያው ደግሞ ፊደሉን የነካው የዳናይት ጣት መሆኑ ትዝ ሲላቸው ከመጀመሪያው ያገላብጡታል።

ዳናይት የልጃቸው ልጅ ናት። እናቷ ካርቱም ላይ ጦርነቱ የተነሳ ሰሞን ዳቦ ልትገዛ እንደወጣች ቀረች። ልጅቷ የሕክምና ትምህርቷን ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋርጣ፣ ባንድ ቦርሳ ምሥራቅ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ፣ አያቷ ዘንድ ገባች። አሁን የአንድ የግል ክሊኒክ ሐኪሞች በስልክ በድምፅ የሚልኩላትን የበሽተኛ ሪፖርት እየሰማች በላፕቶፕ ትጽፋለች። የመኖሪያ ካርዷ ጊዜው አልፎበታል። ክሊኒኩም ይህን እያወቀ ነው የሚያሠራት፤ ጠያቂ ቢመጣ ግን ዳናይት የምትባል ሰው አናውቅም ማለታቸው አይቀርም።

ሐኪሞቹን እማማ ደብሪቱ አንዳቸውንም በዓይናቸው አይተው አያውቁም፤ በድምፃቸው ግን እንደ ጎረቤት ለይተዋቸዋል። ዶክተር ናጂያ የምትባለዋ ቃሉን አንድ ባንድ እየለቀመች ትናገራለች፤ አራት ነጥቡን ሳይቀር ትጠራለች፤ ስትጨርስም “አላህ ይስጥሽ ልጄ” ትላለች። ዶክተር ኢሀብ ሌላ ነው። እያኘከ ይናገራል። ባለ ሦስት እግር ረክሻ ተሳፍሮ፣ ጄኔሬተር አጠገብ ቆሞ፣ ከሚስቱ ጋር እየተጨቃጨቀ ይናገራል። አረብኛውን ከእንግሊዝኛው ያደባልቃል፣ ሦስት በሽተኛ ባንድ ትንፋሽ ይጨርሳል፣ መሀል ላይ ያዛጋና የግራውን እግር ቀኝ አድርጎት ያልፋል።

“ይሄ ሰውዬ ዛሬም አፉ ሙሉ ነው?” ይሉ ነበር እማማ ደብሪቱ ከወዲያ ጥግ ሆነው።

“ዝም በይ እስቲ እቴቴ፣ ኩላሊት ይበል ጉበት አልሰማሁትም።”

“እንዳኘካኘኩ ከሆነ ጉበት ነው።”

ዳናይት ሳቋ ያመልጣትና ድምፁን ወደ ኋላ መልሳ እንደገና ታዳምጣለች። ጆሮዋ እስኪቀላ ታዳምጣለች።

የዶክተር ኢሀብ ንግግር ምንጊዜም የሚያበቃው “ዘይ አል-ዓዳ” በሚለው ነው፤ የቀረው እንደ ልማዱ ማለቱ ነው። ዳናይት ሥራ የጀመረች ዕለት መጀመሪያ ያስተማሯት ይህንኑ ነበር። ሐኪሙ እንዲህ ካለ፣ ስሙ ያልተነሳው የአካል ክፍል ሁሉ ደህና ነው ተብሎ ይሞላል። ልብ ደህና፣ ሳንባ ንጹሕ፣ ሆድ ለስላሳ፣ ሲጫኑት የማያም። ክፍት መስመር ያለበትን ወረቀት ትልልቆቹ ሆስፒታሎች አንቀበልም ብለው ይመልሳሉ፤ ስለዚህ ክፍት አይተውም። ጽሑፉ አስቀድሞ ተሰናድቶ ተቀምጧል፣ አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ሐኪሙ ሆዱን ይንካው አይንካው የሚጠይቅ የለም። ክረምት ገብቶ ወባው ሲበረታማ የስንቱን ሰው ሆድ ለስላሳ አድርጋ እንደዋለች ዳናይት ራሷም አታውቀውም።

በዚያ ላይ በሽተኛው የሚጠራው በቁጥር ነው። ስሙን ክሊኒኩ በኋላ ከካርዱ አይቶ ያስገባዋል። ለዚህ ነው የገዛ ጎረቤቷን የእምባየን ሆድ፣ የእምባየ መሆኑን ሳታውቅ፣ ለስላሳ ነው ብላ የጻፈችው።

እምባየ ጫማ ጠጋኝ ነው። እሱና ሚስቱ ለተትንሳኤ መንደር 8 ከሚባለው የስደተኞች መጠለያ ወጥተው እዚሁ ግቢ ከእማማ ደብሪቱ ጋር በአንድ ግድግዳ ተጠግተው ይኖራሉ። ሰሞኑን ትኩሳትና ትውከት ያዘው። ማታ ማታ ሲያቃስት በግድግዳው በኩል ይሰማል። እማማ ደብሪቱ ሊጠይቁት ገብተው ሆዱን አይተውታል፤ እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ የለበሰው ጨርቅ እንኳ ሲነካው ጥርሱን ይነክስ ነበር። ክሊኒክ ሲወስዱት ዶክተር ኢሀብ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ አየውና “ወባ ነው” አለ። ገዳሪፍ አልጋ ስለጠፋ ወደ ከሰላ ሆስፒታል ጻፈለት፤ ለተትንሳኤም ይዛው ሄደች።

በነጋታው ማለዳ የእማማ ደብሪቱ ትንሿ ስልክ ጮኸች። ለተትንሳኤ ናት።

“አደይ ደብሪቱ!” አለች፤ አደይ፣ እናቴ ማለቷ ነው። “ከወባ በሽተኞች መሀል ጣሉት! የቀዶ ሕክምናውን ሐኪም ጥሩልኝ ብል፣ በር ላይ ያለው ሰውዬ ወረቀቱን እያነበበ ያባርረኛል። ሆዱ ለስላሳ ነው ይላል፣ ምን ሆንሽ ይለኛል። ሆዱማ ድንጋይ ሆኗል! ጣቴን አላስጠጋም አለ'ኮ!”

ዳናይት የቀረበላትን ሻይ ሳትነካ ላፕቶፑን ከፈተች። ወደ ከሰላ የተጻፈውን ሪፖርት ፈልጋ አገኘችው። ድምፁን ለቀቀችው፤ እማማ ደብሪቱም አብረው ሰሙ። “ቁጥር አሥራ ሰባት። ወንድ። ስልሳ ዓመት። ትኩሳት፣ ትውከት፣ ወባ ተገኝቶበታል። ወደ ከሰላ ይሂድ። ዘይ አል-ዓዳ።” መሀል ላይ የሆነ ነገር ይቆረጥማል። ሆድ የሚል ቃል አልወጣውም።

“እኔ ነኝ” አለች ዳናይት።

“ምኑን ነው አንቺ የሆንሽው?”

“ሆዱን ለስላሳ ያደረግሁት።”

“እሱ ነው እንጂ! እንደ ልማዱ አላለም?”

“ብሏል። ልማዱን የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ።”

ለዶክተር ኢሀብ መልእክት ላከችለት፤ አዲስ ቃል ስጠኝና ላስተካክለው ብላ ለመነችው። ያለ እሱ ድምፅና ያለ እሱ ማኅተም ከወረቀቱ አንዲት ፊደል መንካት አትችልም። መልሱ ሳይቆይ መጣ። ያን ቀን እያኘከ አልነበረም።

“እኔ ሆድ አላልኩም” አለ። “ያላልኩትን የጻፍሽ አንቺ። ሰው እንዳትቀሰቅሺ። ካርድሽ ያለፈበት መሆኑንም አትርሺ።”

ዳናይት ተነስታ ጫማዋን አጠለቀች።

“ወዴት ነው?” አሉ እማማ ደብሪቱ።

“ክሊኒክ። ፊቱ ቆሜ ካላስቸገርኩት አይሰጠኝም።”

“በሰሊጥ ገበያው በኩል ከሻ፣ አፈሳ አለ አሉ! ትናንት የጎረቤታችንን የብፅአትን ልጅ ወረቀት የለህም ብለው አፍሰው በጭነት መኪና ጭነውታል፤ እስካሁን የት እንዳደረሱት የሚያውቅ የለም። ዛሬ ይቅርብሽ ልጄ። ነገ ይረግባል።”

“እቴቴ፣ ሰውዬው ይሞታል።”

“እሱን እግዜር ያውቃል።”

“እግዜርማ ያውቃል። ሐኪሙ ነው የማያውቀው።” ትንሿን ስልክ አንስታ በአያቷ መዳፍ ላይ አኖረችው። “ለተትንሳኤ የምታውቀው ያንቺን ቁጥር ብቻ ነው። ከደወለች፣ ሐኪሙም አጠገቧ ካለ፣ ስልኩን ትስጠው። አንድ ነገር ብቻ ንገሪው፤ ሆዱን ማንም አልነካውም፣ ወረቀቱ ላይ ያለው እንዲያው ልማድ ነው በይው። አረብኛሽ ለዚህ አያንስም። በይ እስቲ።”

“ሆዱን ማንም አልነካውም። ወረቀቱ ላይ ያለው ልማድ ነው” አሉ እማማ ደብሪቱ በአረብኛ፣ ትምህርት ቤት እንደ ዋለ ሕፃን።

“በቃ ይኸው ነው።”

“ማን ጻፈው ቢለኝስ?”

“የኔን ስም ንገሪው” አለችና ጭቃውን እየዘለለች ሄደች።

እማማ ደብሪቱ ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያቺን አረፍተ ነገር ይደጋግማሉ፤ እንዳትጠፋባቸው ነው። በመሀል ግን ሌላ ነገር ይገባባቸዋል። ዳናይት ገበያው ጋ ደርሳ ይሆን? ነጠላዋን ተከናንባ ይሆን ወይስ እንደ ልማዷ ትከሻዋ ላይ ጥላው? ወታደር ሲያዩ መሮጥ ነው የሚያስይዝ፣ ቀስ ብለሽ እለፊ ብያት ነበር ወይስ አላልኳትም? ደመናው ከብዶ ቆርቆሮውን ዝናብ መምታት ሲጀምር፣ ስልኩ ጮኸ።

“አደይ ደብሪቱ! አገኘሁት!” ለተትንሳኤ ታለከልካለች። “ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ልብሱን ይዤ አቆምኩት! ዳናይትን ቶሎ ይስጡኝ!”

“የለችም… ወጥታለች…”

“እንግዲያው እርስዎ ይንገሩት! ያውቁ የለ፣ አይተውታል'ኮ! በሞቴ!”

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኮሽታው ተሰማ። ከዚያ የወንድ ድምፅ መጣ፤ የደከመው፣ ግን ቁጡ ያልሆነ ድምፅ።

“ያ ሐጃ” አላቸው በአረብኛ፤ እማማ እንደ ማለት ነው። “ይህን ወረቀት የሚያውቅ ሰው አለ ትለኛለች ሴትየዋ። የቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ የተኛ ሰው ይጠብቀኛል፣ ቶሎ በይ። ወረቀቱ ልክ አይደለም ነው የምትሉኝ? የጻፈው ማነው? ስሙን ንገሪኝ።”

አረፍተ ነገሩ አፋቸው ውስጥ ነበር። ምላሳቸው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ነገር ግን ሰውዬው ስም ጠየቃቸው። ስም ሲባል እማማ ደብሪቱ የታያቸው ሐኪም አይደለም፣ እምባየም አይደለም። ዳናይት ጭነት መኪና ላይ፣ ከማያውቋት ወንዶች መሀል፣ ዝናብ እየወረደባት ታየቻቸው።

“አላውቅም” አሉ።

“ምኑን ነው የማታውቂው? ሆዱን ያየ ሐኪም አለ ወይስ የለም?”

“ተሳስታችሁ ነው የደወላችሁት። እኔ ይህን ሰው አላውቀውም።”

ስልኩን ዘጉት። እንደገና እንዳይጮህባቸው ብለው በጥፍራቸው ጀርባውን ፈልቅቀው ባትሪውን አወጡና ትራስ ሥር ሸጎጡት፤ ባዶውን ስልክ መደቡ ላይ ተዉት። ደግ አደረግሁ፣ አሉ ለራሳቸው። ሐኪም አይደለም እንዴ? ዓይን የለውም? እጅ የለውም? ሄዶ ይንካው። የኔ ቃል ምን ያደርግለታል፣ አንዲት መሃይም አሮጊት! እሷ ትያዝና ማን ያስፈታልኛል? ለተትንሳኤስ ብትሆን፣ ልጅ ቢኖራት እንደኔ አታደርግም ነበር? እንዲህ እያሉ ቆዩ። በግድግዳው ወዲያ የእምባየ ክፍል ጸጥ ብሏል። ያ ጸጥታ አላስቀምጥ ሲላቸው ተነስተው የታጠበውን እቃ እንደገና አጠቡ።

ዳናይት የተመለሰችው ከቀትር በኋላ ነው። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው፣ ፀጉሯ ላይ ውኃ ይንጠባጠባል፣ ፊቷ ግን በርቷል።

“ሰጠኝ!” አለች። “በሽተኞቹ ሁሉ እየሰሙ በሩ ላይ ቆሜ አልሄድም አልኩት። አፍሮ ይሁን ፈርቶ እንጃ፣ ሰጠኝ። የቁጥር አሥራ ሰባት ሆድ አልተመረመረም አለ፣ በገዛ ድምፁ። እዚያው ጽፌ ማኅተም አስመታሁት። ይኸው ፎቶው።” ሳቅ ብላ ጨመረችበት፤ “ከነገ ጀምሮ ሥራ የለሽም ብሎኛል። ይሁን። የከሰላውን ሐኪም ቁጥር ከለተትንሳኤ ልቀበልና ልላክለት። ደወለች?”

“አልደወለችም” አሉ እማማ ደብሪቱ።

“እንዴት አትደውልም? አምጪው እስቲ።”

“ልብስሽን ቀይሪ መጀመሪያ። ብርድ ይመታሻል ልጄ፣ ደረትሽ…”

ዳናይት ስልኩን ከመደቡ ላይ አነሳችው። ቀለላት። ገልብጣ አየችው። ከዚያ አያቷን አየች፤ እማማ ደብሪቱ ሳያስቡት ወደ ትራሱ ተመልክተው ኖሮ፣ ልጅቷ እጇን ሰድዳ ባትሪውን አወጣች። ገጠመችውና ደወለች።

ደጋግማ ከደወለች በኋላ ተነሳ። ከወዲያ ብዙ ሴቶች በአንድ ላይ ሲያለቅሱ ይሰማል።

“ዳናይትዬ” አለች ለተትንሳኤ። ድምፅዋ አልቋል። “ቆሞ ነበር'ኮ። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ቆሞልኝ ነበር። አላውቀውም አሉት። እንግዲህ ወረቀቱን ነው የማምነው ብሎኝ ገባ። እምባየ ሆዴን፣ ሆዴን እንዳለ አሁን በቅርቡ… አረፈ።” ቀጥላም፣ “አደይ ደብሪቱን ምን ነካብን? አመማቸው እንዴ? ድምፃቸውም ልክ አልነበረም። አንቺ ከደረስሽ ሐኪም አሳዪያቸው” አለች።

ስልኩ ተዘጋ። ዝናቡ አባርቷል፤ ከጣሪያው ጠርዝ የሚንጠባጠበው ብቻ ይሰማል።

“ስምሽን ጠየቀኝ” አሉ እማማ ደብሪቱ። “ስምሽን ነው የጠየቀኝ፣ የኔ እናት። ሌላ ነገር ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር። እናትሽም እንዲሁ እንደወጣች ቀረች… ከናንተ ማን ቀረኝ? ምን ልለው ኖሯል? አንቺው ንገሪኝ፣ ምን ልበለው?”

ዳናይት ስልኩን በፊት የነበረበት መደብ ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠችው። እርጥብ ነጠላዋን እንደያዘች ተነሳች፤ እማማ ደብሪቱ እጃቸውን ቢዘረጉም በጎናቸው አልፋ ሄደች። የለተትንሳኤንና የእምባየን የተቆለፈ በር አልፋ፣ ጭቃውን ሳትመርጥ እየረገጠች፣ የግቢውን በር ከፍታ ወጣች።