ትሪ ላይ ያለው ባሕር

ሐጃ በድሪያ ስኳር የሌለውን የሐዘን ቡና ሳይቀምሱ መለሱት። «ልጄ ሳይቀበር የምን ሐዘን ነው? ሬሳውን አምጡልኝና ያኔ ያላችሁኝን እጠጣለሁ» አሉ። ሲኒውን ያቀረበችው ጎረቤት ይዛው ወደ ጓዳ ተመለሰች። ከውጭ፣ ወንዶቹ ከተቀመጡበት ድንኳን፣ ቁርኣን ሲቀራ በድምፅ ማጉያ ይሰማል። የሐዘኑ የመጨረሻ ቀን ነበር፤ ማታ ድንኳኑ ይነሳል፣ ወንበሮቹም ወደ ባለቤታቸው ይመለሳሉ።

ነዋራ ጥቁር ለብሳ ከአማቷ ከሐጃ በድሪያ ጎን ተቀምጣለች። ባሏን ሻዝሊን ባሕር ከበላው ወዲህ እህል ባፏ አልዞረም። ሴቶቹ ተምር ሲሰጧት ትቀበልና መልሳ ትሪው ላይ ታስቀምጠዋለች። ከሻዝሊ የተገኘው እግሩ ላይ የሚያጠልቀው አንድ የጎማ መቅዘፊያ ብቻ ነው። ትንሿ ጀልባውም ባዶዋን ስትንሳፈፍ ተገኝታለች። ሁለቱም የተገኙት ከከተማው በስተደቡብ ነበር። የሰሜን ንፋስ ገፍቷቸው ነው ተባለ፤ የተከራከረ የለም።

ሻዝሊ ቱሪስቶችን እየመራ ከባሕር ሥር እንደ ቁጥቋጦ ወደሚበቅለው ኮራልና ወደ ሰመጡት መርከቦች የሚወርድ ጠላቂ ነበር። እኛ ጋ፣ ቀይ ባሕር ዳር ባለችው ቁሴይር ውስጥ፣ አንድ ጠላቂ ነገ የት እንደሚወርድ ተጠይቆ እውነቱን ከተናገረ ወይ ለሥራው አዲስ ነው ወይ አሞታል። ጥሩ ቦታ ያገኘ ሰው ወደብ ላይ ሲጠይቁት ተቃራኒውን ይናገራል። የጠየቁትም መዋሸቱን እያወቁ «አላህ ያቅናህ» ብለው ይሸኙታል፤ በዚህ የሚቀየም የለም። በውሸት ደግሞ ሻዝሊን የሚያህል አልነበረም። አንድ ጊዜ የት እንደገባ ሲያስሱ ውለው ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ካፒቴኖች፣ ማታ ሻይ ቤት ተቀምጦ ሲስቅ አገኙት፤ እነሱም አብረውት ሳቁ።

ሚስቱን ግን አይዋሽም። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ነዋራም በልቧ ትኮራበት ነበር። ማታ ራት ተበልቶ ሲያበቃ ሻዝሊ ትሪው ላይ የዳቦ ቅርፊት ይደረድራል፤ ያ የባሕሩ ዳርቻ ነው። የተምር ዘሮቹ ደግሞ ኮራሎቹና የሰመጡት መርከቦች ናቸው። ከዚያ ጣቱን በምራቁ አርሶ በመስኮቱ ያወጣና ንፋሱን ይለካል። «ሰሜን ከነፈሰ ይኸኛው አይሆንም፤ ማዕበሉ ሰዉን ከቋጥኙ ጋር ያላትመዋል። ይኸኛው ግን ከለላ አለው» ይላታል። ነዋራ ዋና አትችልም፤ ባሕሩን የምታውቀው በዚያ ትሪ ላይ ነው።

በመጨረሻው ማታም አንዱን ዘር፣ ኡም ሪሃን የሚባለውን ኮራል፣ በትሪው ሰሜን ጫፍ አኖረ። «ነገ ኡም ሪሃን ነኝ፤ ብቻዬን አየት አድርጌው እመጣለሁ» አላት። ቱሪስት ከመውሰዱ በፊት ቦታውን ቀድሞ ማየት ልማዱ ነው። መሽቶ ሳይመለስ ሲቀር ነዋራ እየሮጠች ወደብ ወረደችና «ኡም ሪሃን ነው የሄደው» አለች። የከተማው ጀልባ ሁሉ መብራቱን አብርቶ ወደ ሰሜን ወጣ።

ከሴቶቹ መካከል የጠላቂዎቹን የአየር ሲሊንደር የሚሞላው ሰው ሚስት ጎንበስ ብላ ለጎረቤቷ ታንሾካሹካለች። ባሏ እንደነገራት፣ ጠላቂ በአየር የሚነፋ ሰደርያውን ከለበሰ ሌሊቱን ሙሉ ተንሳፍፎ ሊያድር ይችላል። ነዋራ ቀና ስትል ሴትዮዋ ሻሿን አስተካክላ ፊቷን አዞረች።

ከሰዓት በኋላ ወንድሟ ጋሪብ በሩ ላይ ቆሞ አስጠራት። ጋሪብ የራሱ ጀልባ ያለው ካፒቴን ነው፤ ፍለጋውንም የመራው እሱ ነበር። ዓይኑ ከፀሐዩና ከጨዉ ብዛት ቀልቷል። ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ወንበሮቹ፣ እንግዶቹን ስለ መሸኘት አወራ። ልሂድ ብሎ ፊቱን ካዞረ በኋላ ተመለሰ።

«አንድ ነገር ግን አልዋጥልኝ አለ» አለ። «ያን ቀን ሰሜኑ ከንጋት ጀምሮ ሲጮህ ነው የዋለው። ሻዝሊ በዚያ ንፋስ ኡም ሪሃን ይወርዳል? ጀማሪ እንኳ አያደርገውም። አንቺ ባትነግሪን ኖሮ እኔ ጀልባዬን የማዞረው ወደ ደቡብ ነበር።»

ነዋራ የበሩን መቃን ያዘች።

ሁለት ዓመት ይሆነዋል። ሻዝሊ ማንም ያላየው የጭነት መርከብ አግኝቶ ነበር። ኮራል ከላይ እስከ ታች አልብሶታል፤ ዓሣው ከመብዛቱ የተነሳ ብረቱ አይታይም ብሏት ነበር። በዚያው ሰሞን ጋሪብ እቤቷ መጥቶ ቱሪስቶቼ ሰለቻቸው፣ የማሳያቸው አዲስ ነገር አጣሁ እያለ ተከዘ። አንጀቷን በላት። ለወንድም ምን ይደበቃል ብላ በትሪው ላይ አሳየችው። ብዙም ሳይቆይ መርከቡ ላይ ጀልባ በጀልባ ሆነ፤ መልሕቁ ኮራሉን አደቀቀው፣ ዓሣውም ሸሸ። ሻዝሊ ማን ተናገረ ብሎ አልጠየቃትም። ራቱን በልቶ «ባሕሩ የአላህ ነው» አለና ዘሮቹን እንደ ወትሮው ደረደረላት። ይቅር ያላት መስሏት ነበር። ምናልባት ይቅርም ብሏት ይሆናል፤ እውነቱን መንገር ግን ትቶ ነበር።

እሷ ናት ጀልባዎቹን ወደ ሰሜን የላከቻቸው። ምናልባት እሱ ያኔ በሕይወት ነበር። ምናልባት በደቡብ ሰደርያውን ነፍቶ እየተንሳፈፈ፣ መብራታቸው እየራቀ ሲሄድ አይቶ ይሆናል።

ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም። ሰዉም ሻዝሊ ለሚስቱ አይዋሽም ነበር እያለ ይኖራል። ከኋላዋ ሐጃ በድሪያ አሁንም ስለ ሬሳው ያወራሉ።

«ዋሽቶኛል» አለች።

«ማን?»

«ሻዝሊ። ኡም ሪሃን አልሄደም።»

«አንቺን? ምን አድርገሽው ይዋሽሻል?»

«ያ መርከብ ያለበትን ቦታ ላንተ አሳየሁ፤ ይኸው ነው ያደረግኩት።»

ጋሪብ ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ መሬት መሬቱን አየ። በክፍሉ ያሉት ሁሉ ሰምተዋል። ነዋራ ወደ አማቷ ዞረች፤ እንዲረግሟት፣ እንዲያባርሯት ጠበቀች፤ ቢያደርጉት ደስ ባላት ነበር። ሐጃ በድሪያ ግን እሷን አልፈው ጋሪብን አዩት።

«ታዲያ የት ነው ያለው?» አሉ።

ጋሪብ ጫማውን አውልቆ ገባ። ነዋራ የተምሩን ትሪ ከፊቱ አኖረችለት። ሴቶቹ ሲበሉ ያስቀመጧቸውን ዘሮች ወደ አንድ ጥግ ሰበሰበ፤ ለእንግዶች ከቀረበው ዳቦም ቅርፊት ቆርሶ ዳርቻውን ሠራ። በዚያ ንፋስ ጠላቂ ከለላ ሊያገኝበት የሚችለውን ቦታ እያሰበ፣ ከከተማው በታች አንድ ዘር አስቀመጠ።

«እዚያ ነው?» አሉ ሐጃ በድሪያ።

«ሊሆን ይችላል፣ ሐጃ።»

ሌላ ጨመረ። አሁንም ጠየቁት፤ አሁንም ሊሆን ይችላል አላቸው። ዘሮቹ ዳርቻውን ይዘው ወደ ደቡብ ወረዱ፣ ከቅርፊቱ አለፉ፣ የትሪው ጠርዝ ላይ ደረሱ። ሐጃ በድሪያ መጠየቃቸውን ትተው የእያንዳንዱን አቀማመጥ ጣታቸውን እያስጠጉ ይከተሉ ጀመር፤ ልጃቸው ከአንዱ ሥር የሚወጣ ይመስል አይነኳቸውም።

«እነዚህ እኔ የማውቃቸው ናቸው» አለ ጋሪብ። «እሱ ያገኘው አዲስ ከሆነ ግን...» ለማያውቀው ቦታ የሚሆን ዘር ፍለጋ እጁን ወደ ጥጉ ሰደደ። የቀረ ዘር የለም።

ነዋራ ከትሪው ላይ አንድ ተምር አንስታ አፏ ውስጥ ከተተች። ቀስ ብላ አኘከችው፣ ዋጠችው። ከዚያ ዘሩን አወጣችና በቀሚሷ ጠርጋ በወንድሟ መዳፍ ላይ አኖረችለት።