የኮከቡ ዕድሜ

«ይሄ ማጭበርበር ነው» አላት አማካሪዋ፤ ያውም በሳምንታዊው ስብሰባ፣ ባልደረቦቿ ሁሉ በተቀመጡበት።

የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ናት። የአንድን ግዙፍ ኮከብ ሕይወት ከውልደቱ እስከ ሞቱ በኮምፒውተር አስልታ ነበር ያቀረበችው። የእሷ ኮከብ ግን አማካሪዋ ባሳተመው ጽሑፍ ላይ ካለው ዕድሜ ቀድሞ ሞተ። ፕሮግራሙ ያው እሱ የተጠቀመበት ነው፤ ያስገባችውም መረጃ ያው። ልዩነቱ፣ በቤተ ሙከራው ሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ወረፋ አልደርስ ሲላት በራሷ ማክ ላፕቶፕ ላይ ጭና መሥራቷ ብቻ ነበር። ይህን ለማስረዳት አፏን ስትከፍት «የሚቀጥለው» ብሎ አለፋት።

ቤት ስትገባ ደሟ እንደፈላ ነው። አብሯት የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ፣ የሒሳብ ሠራተኛው፣ እራቷን ሳትነካ ሲያያት «ማን ነካሽ?» አላት።

«አጭበርባሪ ተባልኩ፣ ጋሼ። በሰው ፊት።»

«አጭበርብረሻል?»

«አንተም?»

«ከአፍሽ ልስማው ብዬ እንጂ እኔማ አውቅሻለሁ።» ላፕቶፑን ከቦርሳው አውጥቶ ገፋላት። «በዚህም ሞክሪው። ከአንድ ምስክር ሁለት ይሻላል።»

የእሱ ደግሞ በዊንዶውስ የሚሠራ ነው። ፕሮግራሙ እንደ አኩራፊ እንግዳ አስቸገራት፤ ጎደለ ያለውን ስታሟላለት ሌላ ይጠይቃል፣ ሌላውን ስትሰጠው የመጀመሪያውን አላየሁም ይላል። ቅዳሜና እሁዷን በላው። በየስህተት መልእክቱ የአማካሪዋ ድምፅ እየተሰማት ጥርሷን ነክሳ ቀጠለች። በመጨረሻ ተጫነ፤ ኮከቡም ከሁለቱም በተለየ ሦስተኛ ዕድሜ ሞተ።

«አንድ ኮከብ ስንቴ ይሞታል?» አለ ወንድሟ በትከሻዋ በኩል አጮልቆ።

አልሳቀችም። ነገሩ ገብቷታል። እያንዳንዱ ማሽን ከነጥብ በኋላ ያለውን የቁጥሩን ጭራ በራሱ መንገድ ያጠጋጋል። ልዩነቷ ኢምንት ናት፤ ግን ስሌቱ የኮከቡን ዘመን በረጅም እርምጃ ሲዘል እየተጠራቀመች ዕድሜ ታዛባለች። እርምጃውን አሳጥራ በሁለቱም ላፕቶፖች፣ በነጋታውም ወረፋ ለምና በቤተ ሙከራው ኮምፒውተር አስኬደችው። ሦስቱም ተስማሙ። የተስማሙበት ዕድሜ የእሷም አልነበረም፤ አማካሪዋ ያሳተመውም አልነበረም።

ውጤቱን ይዛ አማካሪዋ ቢሮ ገባች። እሱም መነጽሩን ወልውሎ ከላይ እስከ ታች አየው።

«ጥሩ ነው፤ ጽፈሽ አምጪው» አላት። «ያለፈው ነገር በመካከላችን ይቅር።»

«ሲሰድቡኝ በመካከላችን አልነበረም።»

«ተመራማሪ ሆደ ሰፊ መሆን አለበት።»

«ስሜን ያጠፉት እዚያ ነው፤ እዚያው ይመልሱልኝ» ብላ ወጣች።

በስብሰባው ዕለት አማካሪዋ ጉሮሮውን ጠርጎ «በፕሮግራሙ ላይ አንድ ቴክኒካዊ ችግር ተገኝቷል፤ ስህተቱ የፕሮግራሙ ነው» ብሎ ወደ ሌላ አጀንዳ ሊሻገር ሲል ብድግ አለች።

«ፕሮግራሙ አጭበርባሪ አላለኝም።»

አማካሪዋ ወረቀቱን አገላበጠ፣ መልሶ አስተካከለ። ከጭንቁ የሚያወጣው ማንም አልተገኘም።

«ሳላጣራ ተናግሬአለሁ» አለ በመጨረሻ፣ ጠረጴዛውን እያየ። «ይቅርታ።»

ማታ ወንድሟ ሲሰማ ፊቱ በራ። «በቃ፣ ጠየቀሽ አይደል? ታዲያ አሁን ምን አስኮረፈሽ?»

«ያንተ ላፕቶፕ ባይኖርስ ኖሮ?» አለችው። «የሚያውሳት ወንድም የሌላት ተማሪ ብትሆንስ? አጭበርባሪ እንደተባለች ትቀራለች እኮ።»