ለቻይነሽ የመጣ እዝን

ትርሲት ፀጉሯን ከተቆረጠች ወር ሊሞላት ነው፤ የፍኖተ ሰላም ሰው ግን ገና አልለመደላትም። በገበያ ስታልፍ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሰብሰብ አድርገው «ማን ሞቶባት ይሆን?» ይባባላሉ። ደፈር ያለችው ጠጋ ብላ «እግዜር ያጥናሽ» ትላታለች። በዚያ አገር ሴት ልጅ ፀጉሯን እስከ ሥሩ የምትቆረጠው ሰው ሲሞትባት ወይም ስትመነኩስ ነው። ትርሲት ሰው አልሞተባትም፤ ምንኩስናም በአጠገቧ አላለፈም።

የቆረጠቻት ሰብሊ ነበረች። ሁለቱ ማንኩሳ ላይ በአንድ አጥር ያደጉ፣ አሁን ደግሞ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ባለች አንዲት ፀጉር ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ጓደኛሞች ናቸው። ሚሊኒየሙ ከተከበረ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ የከተማው ሴት ሁሉ ፀጉር የሚያለሰልሰውን ሪላክሰር የሚቀባበት ጊዜ ነው። ትርሲትም ከልጅነቷ ጀምሮ ስትቀባ ኖራለች። ያቃጥላታል፣ ይቆስላል፣ ቁስሉ ሲሽር እንደገና ትቀባለች። በመጨረሻ ከጆሮዋ በላይ ያለው ፀጉር ባበጠረችው ቁጥር እየተመዘዘ መውጣት ጀመረ። አንድ ቀን ደንበኛ ሲጠፋ ራሷ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና፣

«ሰብሊ፣ ሁሉንም አንሺልኝ» አለቻት።

«አንቺ እብድ፣ ሰርጌ እኮ ጥር ላይ ነው። አንደኛ ሚዜዬ ራሰ በራ ልትሆን ነው?»

«እያየሽው አይደል? ይሄ ፀጉር ነው?»

ሰብሊ ጥቂት አመነታችና መቀሱን አነሳች። ስትጨርስ ትርሲት መስታወቱን አየች። አንገቷ ተመዝዞ ወጥቷል። ጆሮዎቿ ትንንሽ እንደሆኑ እስከዛሬ አታውቅም ነበር። የቀረው ፀጉር ጥቅጥቅ ያለ፣ ጥቁር፣ ምንም ያልነካው የራሷ ፀጉር ነው። መዳፏን ጫነችበት፤ ለስለስ ብሎ ወደ ላይ መለሰላት። ሳታስበው ሳቀች።

«አምሮብሻል» አለቻት ሰብሊ፣ አንገቷን እየጠረገችላት። «የእውነቴን ነው። ዓይን ብቻ ሆነሻል። ከሰርጌ በኋላ እኔም እቆረጣለሁ።»

ትርሲት ይህን ቃል ይዛ ነው ገበያ የምትወጣው። ሰው ሲያፈጥባት «ሰብሊ አምሮብሻል ብላኛለች» ትልና አንገቷን ቀና ታደርጋለች። እናቷ ቻይነሽ እንኳ መጀመሪያ ያየቻት ቀን «ምነው ልጄ፣ በቁሜ ቀበርሽኝ?» ብላ አኩርፋ ነበር። ማታ ግን ራሷን ዳበስ አድርጋ «ሕፃን ሳለሽ እንዲህ ነበርሽ» አለቻት፤ በዚያው ታረቁ።

ሰርጉ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ትርሲት እናቷን ልታግዝ ማንኩሳ ሄደች። ረፋድ ላይ ሁለቱ ደጅ ቁጭ ብለው በርበሬ ይለቅማሉ፤ የነጣውን ከቀዩ ይለያሉ። የበርበሬው ብናኝ ገብቶባት የትርሲት ዓይን እንባ በእንባ ሆኗል።

ከመንገዱ በኩል ሁለት ሽማግሌዎችና ሦስት ሴቶች ብቅ አሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ አንዷ እዝን የሞላ አገልግል ይዛለች። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ለቅሶውን አወረዱት።

ቻይነሽ ደነገጠች። በሰፈሯ ሰው ሞቶ ሳትሰማ የቀረች መሰላት። የሚያለቅስ ሰው አስቁማ «ማን ሞተ?» አትል ነገር፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አብራቸው አለቀሰች። ለቅሶው ረገብ ሲል አገልግል ወደያዘችው ሴት ጠጋ ብላ፣

«አፈር ልብላ፣ አልሰማሁም። ማን ነው ያረፈው?» አለቻት በሹክሹክታ።

«እርስዎ ለሟቿ ምኗ ነዎት?»

«ለየትኛዋ ሟች?»

«ለቻይነሽ ነዋ። ለዚች ልጅ እናት።»

«ቻይነሽማ እኔ ነኝ።»

ለቅሶው ቀጥ አለ። ሴትዮዋ አገልግሏን እንደያዘች ወደ ኋላ ሸሸችና አማተበች። ከሽማግሌዎቹ አንደኛው፣ አያ ክንዱ፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ይቅር ይበሉን፣ እመት» አሉ። «እኛ የሰብሊ እጮኛ የወንዳወቅ ዘመዶች ነን፤ እኔ አጎቱ ነኝ። ከቡሬ ነው የመጣን። ሙሽራዪቱ ከሚዜዎቿ ጋር የተነሳችውን ፎቶ አሳየችን። ይቺ ልጅ ፀጉሯን ምን ሆና ነው ብንላት፣ እናቷ ሞታባት ነው፣ ሚዜ መሆን ስለማትችል ሌላ ተክቻለሁ አለችን። ሚዜ መቼም ቤተሰብ ነው። እናቷን ለቀበረች ልጅ ሳናለቅስ እንዴት ሰርግ እንበላለን ብለን መጣን። ከሐዘን አስወጥተን፣ ልብሷን አስቀይረን፣ ለሚዜነቷ ልናበቃት ነበር።»

ትርሲት ከበርበሬው ክምር አልተነሳችም። «ሌላ ተክቻለሁ» የሚለው ላይ ጆሮዋ ቀርቷል። የሚዜ ቀሚሷ ተሰፍቶ አልቆ እዚያው ቤት ውስጥ ተሰቅሏል።

«ልጄ» አሏት አያ ክንዱ፣ «ይሄን ነገር አንቺ ነሽ የነገርሻት ወይስ ከራሷ ነው?»

ከራሷ ነው ብትል ሰርጉ እንደሚታመስ ትርሲት አውቃለች። በእናት ሞት የምትዋሽ ሙሽራ ማን ይፈልጋል?

«ፀጉሬን የተቆረጥሁት ወድጄ ነው፣ አያ። ማንም አልሞተብኝም። ሌላውን እሷን ይጠይቋት።»

ሰዎቹ መሄጃው ጠፋባቸው። ቻይነሽ ግን አገልግሉን ከሴትዮዋ ተቀበለች።

«የመጣ እዝን አይመለስም። ግቡና አብረን እንብላ። ማንኩሳ ላይ የገዛ እዝኗን የቀመሰች እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም» አለች።

አንደኛዋ ሴት ሳቋ አመለጣት። እየፈሩ ገቡና በሉ።

በማግስቱ ትርሲት ፀጉር ቤቱን ስትከፍት ሰብሊ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። እጇ ላይ ፌስታል አለ።

«ምን ልበል?» አለች ገና ሳትገባ። «አማቴ ፎቶውን ይዘው፣ የተላጨች ሴት ከሙሽራ ጎን ስትቆም ሟርት ነው ሲሉኝ!»

«አምሮብሻል ብለሽኝ ነበር።»

«አምሮብሻልማ። እዚህ፣ እኔና አንቺ ስንሆን። አማት ፊት ግን ሌላ ነው።»

«ወድዳ ነው ማለት አቃተሽ?»

ሰብሊ ከፌስታሉ ውስጥ ረጅም ዊግ አወጣች።

«ይሄን አድርጊና ነይ። ሚዜነቱም ያንቺ ይሆናል። አያ ክንዱን አንድ ጊዜ ይቅርታ ብትያቸው ያልፋል።»

«የምን ይቅርታ?»

«ትናንት ማታ መጥተው አፋጠጡኝ። እኔም ... በፀጉሯ አፍራ እናቴ ሞታለች ብላ አታለለችኝ አልኳቸው።»

ትርሲት የፀጉር ማድረቂያ ካስኩን ገመድ ልትሰካ ጎንበስ ብላ ነበር። እንደጎነበሰች ቆየች።

«እናቴን የገደልኳት እኔ ሆንኩ?»

«ሰርጌ እንዳይፈርስ ብዬ ነው። አንቺ እኮ የሚቀርብሽ ነገር የለም።»

ትርሲት ቀና ብላ ዊጉን የያዙትን እጆች አየች። አንገቷን የጠረጉላት እነዚያው እጆች ናቸው።

«ሰርግሽን አላፈርስም» አለች። «አፍሬ ነው ብዬ ግን ይቅርታ አልጠይቅም። አላፈርኩም። ያፈርሽብኝ አንቺ ነሽ።»

ቡሬ፣ በሙሽራው ወገን በተደገሰው ድግስ ቀን ቻይነሽ በጠዋት ተነስታ አዲስ ነጠላዋን ለበሰች።

«ያለቀሱልኝ ሰዎች ጠርተውኝ አልቀርም» አለች። «አንቺስ?»

ትርሲት የሚዜ ቀሚሱን ከተሰቀለበት አላወረደችም። የክት ቀሚሷን ለበሰች። ሻሽ አንስታ አየችውና መልሳ አስቀመጠችው።

ዳሱ ውስጥ ሲገቡ ሹክሹክታው ከፊታቸው ሄደ። «ይቺ ናት እናቷን በቁም የገደለችው» የሚል ድምፅ ሰማች። አያ ክንዱ ከወደ ጓዳ መጡ። እናትየውን አዩ፤ ከዚያ የትርሲትን ያልተሸፈነ ራስ ረጅም ጊዜ አዩ። ይዘዋቸው ሄደው ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ አስቀመጧቸው።

ሙሽሮቹ ገቡ። በትርሲት ቦታ የማታውቃት ልጅ ቆማለች። ሰብሊ በአጠገባቸው ስታልፍ ዓይኗ ቻይነሽ ላይ አረፈ፤ ትርሲት ጋ ሳይደርስ ተመለሰ። በዚያው ቅጽበት ቬሏ ተንሸራተተ። አዲሷ ሚዜ ልትይዘው ሞከረች፣ አልሆነላትም።

የትርሲት እጅ ሳታዘው ከጭኗ ተነሳ። ቬሉን በየት በኩል መርፌ ቁልፍ እንደሚይዘው ታውቃለች። ሰብሊ የተነሳውን እጅ አየችው፤ ፊቷንም ወደ ሌላ አዞረች።

ትርሲት የተነሳውን እጇን ወደ ራሷ መለሰችው። አጭሩን ፀጉሯን ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ ዳበሰችና፣ ከእናቷ ጎን ቀና ብላ ተቀመጠች።