ከበሩ ላይ የተነሳው ስም

ሐምዳን በፈላ ውሃ የነከረውን ጨርቅ ከመኪናው በር ላይ ሲያነሳ፣ ጭረቱ በመጥፋት ፈንታ አብጦ ጠበቀው።

ጨርቁን መልሶ ለጠፈው። በአሶሳ ገበያ ዳር የተቀደደ ጀሪካንና የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ጫማ በጋለ ቢላዋ ሲያጣብቅ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ የመኪና የውስጥ ፕላስቲክ ሲነካ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ላንድክሩዘሯ ሰፋሪዎችን የሚያመላልስ መሥሪያ ቤት ንብረት ናት። ሾፌሩ ዲሳሳ ጠዋት ሲያመጣት፣ "ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ፤ ከስምንት ሰዓት በፊት ይጥፋልኝ" ብሎ ማንጎው ሥር ተቀመጠ።

ጭረቱ ከሾፌሩ ጎን ሰው በሚቀመጥበት በኩል፣ በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር ነው። አንድ ሰው በጠርሙስ ስባሪ ፍቆ፣ በላዩ ጥቁር የጫማ ቀለም ቀብቶበታል። ሐምዳን ጨርቁን እንደገና ሲያነሳ ቀለሙ ለቀቀ። ከሥሩ የወጣው ፊደል ነበር።

"ቢስሚላህ" አለ።

በሹል ነገር የተጫኑት ፕላስቲክ ላዩ ቢፋቅም፣ ሙቀት ሲያገኝ የታመቀው መልሶ እንደሚያብጥ ከጀሪካን ያውቃል። ቢያውቅም የክንዱ ፀጉር ቆመ። ፊደሎቹ ከውስጥ ሰው በጣቱ የሚገፋቸው ይመስል አንድ በአንድ ይነሱ ነበር። አማርኛ ማንበብ የተማረው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እየተንተባተበ አነበበ።

"ጦይባ ይማም። መንደር አሥራ ሦስት። ልጄ ባምባሲ ቡሴ ቤት ናት።"

ዲሳሳ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። "ምን አልክ?"

"እኔ አይደለም። በሩ ነው ያለው።"

ዲሳሳ ቀርቦ አየና ወደ ኋላ አፈገፈገ። "አጥፍቼው ነበር እኮ! በገዛ እጄ ነው የፋቅሁት!"

"ይሄ ሴትዮ የት ነው?" ሐምዳን አፉን የፈታው በበርታ ቋንቋ ነውና፣ አማርኛ ሲናገር ሴቱንም ወንዱንም በአንድ ይጠራል።

ዲሳሳ ቁጢጥ ብሎ መሬት መሬቱን እያየ ነገረው። ጦይባ ልጇን ይዛ ወደ አገሯ ወደ ወሎ ልትመለስ ከሰፈራ መንደሩ ያለ ፈቃድ ወጥታ፣ ከባምባሲ ወዲያ በጠባቂዎች ተያዘች። ያኔ ልጅቷ አብራት አልነበረችም።

"ልጅሽስ ቢሏት ዝም። ወባው ያንቀጠቅጣታል። እኔ ጎን አስቀመጧት። መንገዱን ሙሉ በፀጉር መርፌዋ በሩን ስትጭር ይሰማኛል። ትኩሳቱ ነው ብዬ ተውኳት። አንዴ 'ውሃ' አለችኝ። ስንደርስ እሰጥሻለሁ አልኳት። መጫሩን ስትተው የተኛች መሰለኝ።"

"ሞተ?"

"ሞተች።"

"ባሉስ?"

"መሞቷን ነግረውታል። ልጁን ግን ጫካ የበላት ነው የሚመስለው። እኔ ጽሑፉን ያየሁት በማግስቱ መኪናውን ስጠርግ ነው። ለምን ልጅ ሸሸግሽ ብለው የባምባሲዋን ቡሴንም፣ ለምን ዝም አልክ ብለው እኔንም እንዳይዙን ፈራሁ።" ፊቱን በመዳፉ አበሰ። "ሁለት ወር ሆነኝ። ብቻዬን ስነዳ እንኳ ከዚያ በር ኪርር፣ ኪርር ይላል። ቢጠፋ ይተወኛል ብዬ ነበር።"

ሐምዳን ጽሑፉን በሆዱ ሦስት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ቢላዋውን ከከሰሉ አንስቶ፣ እርጥብ ጨርቅ አስነካና ፊደሎቹ ላይ ተጫነ። ፕላስቲኩ እየሸተተ ተስተካከለ። "ልጄ" የሚለው ብቻ ሁለት ጊዜ ተመልሶ አበጠ፤ በሦስተኛው ተኛ።

"ጠፋ?" አለ ዲሳሳ ሳያይ።

"ከበሩ ጠፋ። እኔ ጋ አለ።"

ሐምዳን ከሰሉ ላይ ውሃ ደፋበት፤ መኪናው ውስጥ ገብቶም ከዚያው በር አጠገብ ተቀመጠ።

"ወዴት ነው?"

"መንደር አሥራ ሦስት።"

"ሰዓቱ ደርሷል እኮ፣ ወንድሜ! ደግሞ ለአባትየው ምን እለዋለሁ?"

"ልጅ የት እንዳለ ንገረው። ውሃውንም ንገረው።"

ዲሳሳ ሞተሩን አስነሳ። ከገበያው መውጫ መሥሪያ ቤቱ በግራ፣ የሰፈራ መንደሮቹ በቀኝ በኩል ናቸው፤ የግራ ፍሬቻውን አበራ። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ከፊቱ እስኪያልፉ ጠበቀና፣ ፍሬቻውን ሳያጠፋ ወደ ቀኝ ታጠፈ።